አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በእንግድነቱ ዘመን

ከጅጅጋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያመራው መንገድ ወደ ቦረማ ከመሻገሩ በፊት አውበሬን ያገኛል። ይህች ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተፈሪ በር ትባል ነበር፤ የዛሬው ስሟ ደግሞ የአገሩ ሕዝብ መቃብሩን ከሚያከብረው ከአው በሬ የመጣ ነው። ስሟ ቢለዋወጥም ግብሯ አልተለወጠም፤ መተላለፊያ ናት። ከደጋው ወደ ዘይላ ጠረፍ የሚወርደው ነጋዴ በዚያ ሲያልፍ ኖሯል። በ1980ዎቹ ዓመታት በሰሜን ሶማሊያ ከተነሣው ጦርነት የሸሸው ስደተኛ በዚያ ሰፍሯል፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ለሌሎች ስደተኞች መጠለያ ተከፍቷል። መንግሥት የመደበው አስተማሪ፥ ሐኪም፥ ወታደርና የጉምሩክ ሠራተኛም ጥቂት ዓመት ተቀምጦበት ይሄዳል። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖር እንግዳ ሁሉ ቀን ቈጣሪ ነው፤ ስደተኛው አገሩ የሚገባበትን፥ ሠራተኛው የሚዛወርበትን፥ ነጋዴው ጭነቱ የሚያልፍበትን ቀን ይቈጥራል።

እኛም በዚያ አገር ለአገልግሎት ተልከን በተቀመጥንባቸው ጥቂት ዓመታት ከቀን ቈጣሪዎቹ ወገን እንደ ነበርን እያፈርን እንናገራለን። ሰዓታቱን እንቆማለን፥ ቅዳሴውን እንቀድሳለን፤ ከዚያ በኋላ ግን በራችንን ዘግተን ወደ ደጋው የምንመለስበትን ጊዜ እናሰላለን። በዚያን ጊዜ አንድ ወጣት ጸሓፊ ወደ እኛ መጣ፤ ክርስትና ከመነሣቱ በቀር ስለ ሃይማኖቱ የተማረው አንዳች እንደሌለ ገልጦ፥ ከሥራ ሲወጣ ማታ ማታ እናስተምረው ዘንድ ለመነን። እኛም ከጾሙ በኋላ ይሁን አልነው፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ከክረምቱ በኋላ ይሁን አልነው። መስከረም ጠብቶ ብንፈልገው ተዛውሮ ሄዷል፤ ወዴት እንደ ሄደም የሚነግረን አላገኘንም። ስንፍናችንን የሚሸፍን ምክንያት ግን አላጣንም ነበር፤ አገሩ የእኛ አይደለም፥ ምእመናኑም ዛሬ መጥተው ነገ የሚሄዱ ናቸው፥ መጽሐፍ የለም፥ ረዳት የለም እያልን ራሳችንን እናጽናና ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ 26 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ የአባ ሰላማን ዜና ሰማን። ከቆሎ ተማሪነታችን ዘመን ጀምሮ ያወቅነው ዜና ነው፤ በዚያን ዕለት ግን እንደ አዲስ ሆኖ ተሰማን። ይህ የአገራችን የመጀመሪያ ጳጳስ በሰው አገር ተቀምጦ ቀን ለመቍጠር ከእኛ ሁሉ የበለጠ ምክንያት የነበረው ሰው መሆኑን አስተዋልን። ስለዚህም የሕይወቱን ታሪክ ከስንክሳሩ፥ ከአበው ትውፊትና በዘመኑ አቅራቢያ ከነበሩት ጸሓፊዎች አሰባስበን ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድን። የ4ኛውን መቶ ዓመት ዘመናት የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነው፤ ጢሮስም በዛሬይቱ ሊባኖስ በባሕር ጠረፍ ያለች፥ በመርከብና በንግድ ስሟ የታወቀ ጥንታዊት ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ነበረ። ከእርሱ በፊት ሜትሮዶሮስ የተባለ ሌላ ፈላስፋ ሩቅ አገሮችን ጐብኝቶ ስለ ነበር፥ እርሱም ያንን ዓይነት ጕዞ ተመኝቶ ሁለት የዘመዶቹን ልጆች ይዞ ተነሣ። ጸሓፊዎቹ የሄደበትን አገር ህንድ ይሉታል፤ በዚያን ዘመን የሮም ሰዎች ከግብጽ ወዲያ ያለውን የደቡብ አገር፥ ኢትዮጵያንና የዐረብን ጠረፍ ጭምር፥ በዚህ ስም መጥራት ልማዳቸው ነበርና አንባቢ አይደነቅ። ከሁለቱ ልጆች ታላቁ ፍሬምናጦስ፥ ታናሹ ኤዴስዮስ ይባላሉ፤ ኤዴስዮስን የእኛ መጻሕፍት ሲድራኮስ ይሉታል። ፈላስፋው ልጆቹን ያስከተላቸው ጥበብን እያስተማራቸው ዓለምን ሊያሳያቸው ነው።

መርከቡ በመመለስ ላይ ሳለ ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደ አንድ ወደብ ተጠጋ። የአገሩ ሰዎች ግን ከሮም ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለ ነበር፥ ያገኙትን የሮም ሰው ሁሉ እንደ ጠላት ይቈጥሩት ነበር። ሜሮጵዮስንና በመርከቡ የነበሩትን ሁሉ ገደሏቸው። ሁለቱ ልጆች ግን ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ገዳዮቹም አዘኑላቸውና ማርከው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ይህ ንጉሥ በአክሱም የነገሠው ነው፤ የልጁ የዒዛና የድንጋይ ጽሕፈቶች እለ አሜዳ ይሉታል።

እዚህ ላይ ቸኵለን ማለፍ አንወድም። ሰባኪዎቻችን ብዙ ጊዜ ከዛፉ ሥር ተነሥተው በአንድ እርምጃ ወደ ጵጵስናው ይሻገራሉ፤ የሰውየውን ማንነት የሚገልጠው ግን በመካከል ያለው ዘመን ነው። ይህ ልጅ የመምህሩን ደም ባፈሰሱ ሰዎች እጅ ወደቀ። ቋንቋቸውን አያውቅም፥ ወገን የለውም፥ በሰው ቤት ምርኮኛ ነው። ቂም ለመያዝ ምክንያት ያለው ሰው ቢፈለግ ከእርሱ ወዲያ አይገኝም ነበር። በ2010 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በጅጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉና ካህናት ሲገደሉ ያዩ ምእመናን ይህ ነገር በልብ ላይ እንዴት እንደሚከብድ ያውቁታል። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር መቀመጥ ይገባል ወይስ አይገባም እያሉ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። የሄደውን አንነቅፍም፤ ልጆቹን ይዞ የሸሸ አባት ኀጢአት አልሠራም። ነገር ግን በዚያች ቀን ክፉ ባደረጉት ሰዎች ምክንያት የአገሩን ሕዝብ በሙሉ መክሰስ ግፍ ነው እንላለን። ፍሬምናጦስ በወደቡ ያየውን የግድያ እጅ የአክሱም ሰው ሁሉ እጅ አድርጎ አልቈጠረውም። በኋላ በቤተ መንግሥት ጸሓፊ ለመሆን የበቃ ሰው የማራኪዎቹን ቋንቋ አጥብቆ መማሩ የታወቀ ነው፤ የጠላውን ሰው ቋንቋ ደግሞ ማንም እንዲያ አጥብቆ አይማርም።

ንጉሡ ኤዴስዮስን የጠጅ አሳላፊ አደረገው፤ የፍሬምናጦስን ብልህነትና አስተዋይነት ባየ ጊዜ ግን መዝገቡንና ጽሕፈቱን በእርሱ እጅ አኖረ። በአገራችን የሹመት አጠራር ቢተረጐም በጅሮንድነትንና ጸሓፌ ትእዛዝነትን አጣምሮ እንደ መያዝ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የተማረከ የባዕድ አገር ልጅ የሚመረጠው በዘመድ ወይም በወርቅ አይደለም፤ መዝገቡ ሲመረመር ጕድለት ያልተገኘበት በመሆኑ ነው። ፍሬምናጦስ ስለ ክርስቶስ በአደባባይ ሳይሰብክ ብዙ ዓመት የኖረ ይመስላል፤ የአክሱም መኳንንት ግን በእነዚያ ዓመታት አንድ ክርስቲያን ሒሳብ ሲይዝ እንዴት እንደሆነ አይተዋል።

ንጉሡ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ ሁለቱን ነጻ አወጣቸው፤ ወደ ወደዱት ስፍራም ይሄዱ ዘንድ ፈቀደላቸው። ሲጠባበቁት የኖሩት ቀን ደረሰ። ነገር ግን ሕፃን ልጅ ይዛ የቀረችው ንግሥት፥ ትውፊታችን ሶፍያ የሚላት፥ ልጇ አድጎ መንግሥቱን እስኪረከብ ድረስ በአስተዳደሩ ይረዷት ዘንድ ለመነቻቸው፤ ይልቁንም ፍሬምናጦስን አጥብቃ ለመነች፤ በቤተ መንግሥቱ ከእነርሱ የበለጠ የታመነ ሰው አላገኘችምና። እነርሱም ጕዟቸውን ትተው ተቀመጡ። የዚህም አገልግሎት ጊዜ ከመጀመሪያው የተወሰነ ነበረ። ሕፃኑ በየዓመቱ ያድጋል፤ ባደገም ቀን የሞግዚቱ ሥልጣን ያበቃል። ፍሬምናጦስ ይህን ያውቅ ነበር፤ ባወቀም ጊዜ ያደረገው ነገር ታሪኩን ሁሉ የሚሸከም ምሰሶ ነው።

አስቀድሞ የፈለገው ወደ አገሩ በመጡት የሮም ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያኖች መኖራቸውን ነው። የአክሱም ወደብ አዱሊስ በዚያን ዘመን ታላቅ የንግድ በር ነበረች፤ የዝሆን ጥርስ፥ የአውራሪስ ቀንድና የባሕር ኤሊ ልብስ በእርሷ በኩል ይወጣ ነበር። ከእርሷም ወደ ምሥራቅ የግሪክ ነጋዴዎች ማላዎ እያሉ የሚጠሯት በርበራ ነበረች፤ ዛሬ ከጅጅጋ ወደ ባሕር የሚወርደው ጭነት የሚደርስባት ያችው ናት። የባሕር ነጋዴ እንደ ነፋሱ የሚኖር ሰው ነው፤ ነፋሱ ሲያመጣው ይመጣል፥ ነፋሱ ሲገለበጥ ይሄዳል። በመካከሉ ያለውን ጥቂት ወራት ዕቃውን ይሸጣል፥ ይገዛል፤ ለነፍሱ የሚሆን ስፍራ ግን አልነበረውም። ፍሬምናጦስ እነዚህን ሰዎች እየፈለገ አገኛቸው። በያሉበት ተሰብስበው እንደ ሥርዓታቸው የሚጸልዩበት ቤት ይሠሩ ዘንድ መከራቸው፤ በእጁ ባለው ሥልጣን ፈቃድ ሰጣቸው፤ የቤቱን ቦታና ለሥራው የሚያስፈልገውንም ሁሉ አሰናዳላቸው።

በሥልጣን ለወገን መጥቀም አይደለምን ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። እኛም ይህን አስበን ነበር። ነገር ግን ፍሬምናጦስ በመጨረሻ መንግሥቱን ሲያስረክብ ሁሉን በታማኝነት እንዳስረከበ ተጽፏል፤ ንግሥቲቱና ልጇም እንዳይሄድ ለመኑት እንጂ ሒሳብ አልጠየቁትም። ለነጋዴዎቹ የሰጠው ነጻነትም ከሌላው የተቀማ አልነበረም። ማንንም ከአማልክቱ ቤት አላስወጣም፥ ማንንም በግድ አላስጠመቀም።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን የአጀማመሩ ሥርዓት ነው። ወንጌልን ለሌላው ማካፈል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከማያምነው ጋር ተከራክሮ መርታትን ነው። ፍሬምናጦስ ግን የጀመረው ክርስቲያን ሆነው ሳሉ እረኛ ካጡት፥ ዛሬ መጥተው ነገ ከሚሄዱት መንገደኞች ነው። እኛ የማይረቡ ብለን የተውናቸውን ዓይነት ሰዎች እርሱ የማዕዘን ድንጋይ አደረጋቸው። ነጋዴው በሄደ ጊዜ ቤቱ አይሄድም፤ የሚቀጥለው ነጋዴ ሲመጣ ያገኘዋል። የአገሩም ሰው በመንደሩ መካከል ሳይጣሉና ሳይሰክሩ ተሰብስበው የሚጸልዩ እንግዶችን በየጊዜው ሲያይ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄውም ከአገሩ ሰው አፍ ሲወጣ መልሱ ጠብ አይሆንም።

ይህንን ባስተዋልን ጊዜ በዚያ አገር የቀረን 8 ወር ብቻ ነበር። ማታ ማታ በራችንን ከፈትን፤ ከሥራ ሲወጡ የሚመጡ ጥቂት ሰዎች አገኘን፥ ሾፌሮችና አስተማሪዎች፥ አንዲት አስታማሚም ነበሩ። ጸሎተ ሃይማኖትን ቃል በቃል አስጠናናቸው፥ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር አስተማርናቸው። ገና ሦስተኛውን ስንጀምር ሁለቱ ተዛወሩ። ያ ወጣት ጸሓፊ ግን አልተመለሰም፤ አድራሻውንም እስካሁን አላገኘንም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ልጁ አድጎ መንግሥቱን በተረከበ ጊዜ ሁለቱ የጢሮስ ልጆች ወደ አገራቸው ለመሄድ ፈቃድ አገኙ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ናፍቆ ወደ ጢሮስ ቸኰለ፤ ለዚህ የሚነቅፈው የለም። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄደ። እናቱን ሳያይ ከስንት ዓመት በኋላ ሌላ ከተማ መሄዱ፥ ልቡ የት እንደ ቀረ ያመለክታል። በእስክንድርያ መንበር ላይ በ328 ዓ.ም. የተሾመው አትናቴዎስ ነበረ፤ በኒቅያ ጉባኤ በዲያቆንነቱ ከሊቀ ጳጳሱ ከእለ እስክንድሮስ ጋር የተገኘው፥ አምስት ጊዜም ከመንበሩ የተሳደደው ታላቁ አባት ነው። ፍሬምናጦስ በአክሱም አገር የተሰበሰቡ ክርስቲያኖች እንዳሉ፥ አብያተ ጸሎት እንደ ተሠሩ፥ እረኛ ግን እንደሌላቸው ነገረው፤ የሚገባ ሰው ፈልጎ ጳጳስ አድርጎ ይልክላቸው ዘንድም ለመነው።

አትናቴዎስም ጳጳሳቱን ሰብስቦ ነገሩን ከመረመረ በኋላ ከዚህ ሰው የተሻለ መልእክተኛ እንደማይገኝ አይቶ፥ ፍሬምናጦስን ራሱን ሾሞ ወደ መጣበት መለሰው። ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። እኛም በዚያ አገር ሳለን ሌላ ሰው ይላክ እያልን ስንት ደብዳቤ ጽፈናል። ልመናው በቃል አንድ ይመስላል፥ በምሥጢሩ ግን የተራራቀ ነው፤ እርሱ የጀመረውን ሥራ የሚረከበው ሰው ፈለገ፥ እኛ ሳንጀምር ለመውጣት ፈለግን።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያናችን ለ1600 ዓመታት ያህል ከእስክንድርያ መንበር ጳጳስ ስትቀበል ኖራለች፤ በ1921 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ፥ አቡነ ባስልዮስም በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፥ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ። ከአባ ሰላማ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ የአገሩን ቋንቋ ሳያውቁ መጥተው ሳያውቁ አርፈዋል፤ ይህንንም የምንናገረው ቅድስናቸውን ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን የመጀመሪያው ሰው ጳጳስ ሆኖ ሲመጣ ቋንቋውንም ሕጉንም ጠባዩንም አስቀድሞ የተማረ፥ ንጉሡን ራሱን በጕልበቱ ላይ ያሳደገ ነበረ። በምርኮ ያጠፋው የመሰለው ዘመን ሁሉ ለካ የተማሪ ቤት ዘመን ኖሯል።

በዓለ ሲመቱን ታኅሣሥ 18 ቀን እናከብራለን። በተመለሰ ጊዜ ሕዝቡ አባ ሰላማ፥ ከሣቴ ብርሃንም አለው። በእርሱ እጅ መጠመቃቸውን አበው የሚተርኩላቸው ነገሥታት አብርሃና አጽብሐ ናቸው፤ የታሪክ ጸሓፊዎችም ዒዛናንና ወንድሙን ሳይዛናን ከእነርሱ ጋር ያያይዟቸዋል። የዒዛና ጥምቀት በወሬ ብቻ የተላለፈ ነገር አይደለም፤ ድንጋይና ገንዘብ ይመሰክሩለታል። ቀድሞ ያስቀረጻቸው ጽሕፈቶች ስለ ድሉ መሕረም የሚባለውን አምላክ ያመሰግናሉ፤ በኋላ ያስቀረጻቸው የሰማይን ጌታ ያመሰግናሉ፤ በጽርዕ ቋንቋ የተጻፈው አንዱ ጽሕፈት ደግሞ ሥላሴን በስም ይጠራል። በገንዘቡም ላይ ቀድሞ የነበረው የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ወጥቶ መስቀል ገባ፤ መስቀል ከተቀረጸባቸው ከዓለም ገንዘቦች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ይህ የአክሱም ገንዘብ ነው። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነገር ነውና፥ ፍሬምናጦስ አስቀድሞ የሰበሰባቸው ነጋዴዎች ይህን መስቀል በቦርሳቸው ይዘው በቀይ ባሕር ወዲያና ወዲህ ዞረዋል።

ትውፊታችን ሌላም ሥራ ለአባ ሰላማ ይሰጠዋል፤ ይኸውም ፊደላችንን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ድምፅ ማዘጋጀቱ ነው። በዒዛና ዘመን ከተቀረጹት ጽሕፈቶች አስቀድሞ የተቀረጹት ድምፅ የሌላቸው፥ በኋላ የተቀረጹት ድምፅ የተጨመረባቸው መሆናቸው ለዚህ ትውፊት የሚስማማ ነው። ፊደል በቃሉ ለሚያውቅ ሰው ብቻ የሚነበብ ሆኖ ሲቀር መጽሐፍ የጥቂቶች ይሆናል፤ ድምፁ በፊደሉ ላይ ከታየ ግን ሕፃን ልጅም ያነበዋል። መጻሕፍት ቅዱሳን ተተርጕመው የተፈጸሙት ከተስዓቱ ቅዱሳን መምጣት በኋላ በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት ቢሆንም፥ እነርሱ ሲመጡ የሚጽፉበትን ፊደልና የሚያነብላቸውን ሕዝብ አግኝተዋል። እኛ ዛሬ በየመንደሩ ለሕፃናት ሀሁ የምናስቈጥረው በዚያው መንገድ ነው።

የአባ ሰላማ ዕድሜ በሰላም ብቻ አላለፈም። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆስጠንጢዮስ በነገሠ ጊዜ አርዮሳውያንን ደግፎ አትናቴዎስን በ356 ዓ.ም. ከእስክንድርያ አሳደደው፤ በእርሱም ፈንታ ጊዮርጊስ የሚባለውን የቀጰዶቅያ ሰው አስቀመጠ። ከዚህም በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ፤ ፍሬምናጦስ የተሾመው ከአትናቴዎስ ነውና፥ ወደ እስክንድርያ ተልኮ በጊዮርጊስ ይመርመርና ሃይማኖቱን ይታረም የሚል ነበር። የዚህን ደብዳቤ ቃል አትናቴዎስ ራሱ በመከራከሪያ መጽሐፉ ውስጥ አኑሮልን ይገኛል። ነገሩን እንመልከት፤ በዓለም ላይ ከነበሩት መንግሥታት ኀይለኛው፥ የአክሱምም ንግድ የሚደገፍበት የሮም ንጉሥ ይጠይቃል፤ የሾመው አባት በበረሃ በመነኮሳት መካከል ተሸሽጓል፤ ሃይማኖቱ በአገሩ ገና ለጋ ነው። በሰው ስሌት ፍሬምናጦስን አሳልፎ መስጠት ቀላል ነበረ። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ከአትናቴዎስ ሃይማኖት አልወጣችም፥ የአርዮስም ትምህርት በአክሱም ሥር አልሰደደም። ነገሥታቱ ለሮም ንጉሥ ያላደረጉትን ነገር ያላደረጉት በፖለቲካ ብልሃት ብቻ ነው የሚል ጸሓፊ ቢኖር፥ ሞግዚታቸው የነበረውን፥ መዝገባቸውን ሳያጐድል የጠበቀላቸውን ሰው ለማን አሳልፈው ይሰጡ ነበር ብለን እንጠይቀዋለን።

ይህ መንግሥት ነው ከ250 ዓመታት ያህል በኋላ፥ በ615 ዓ.ም. ገደማ፥ ከመካ ተሰደው የመጡትን የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች ተቀብሎ ያስጠለለው። በአውበሬ በኩል ያሉ ሽማግሌዎች ነጃሺ እያሉ የአክሱሙን ንጉሥ ስም በአክብሮት ሲጠሩ ሰምተናል። አንድ ጊዜም ከእነርሱ ጋር ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ፥ ያ ንጉሥ ስደተኛን መቀበል ከማን እንደ ተማረ ብንጠየቅ የምንመልሰውን በልባችን አሰብን። ንጉሥ ሆይ፥ አያቶችህን ያጠመቀው ሰው ራሱ በወደብ የተማረከ፥ ያዘኑለት እንግዳ ነበረ እንላለን። ያን ዕለት ግን ዝም ብለን ሻያችንን ጠጣን፤ ሽማግሌዎቹም ስለ ዝናሙና ስለ ከብቱ ይነጋገሩ ነበር፤ ጨዋታቸውን ማቋረጥ አልወደድንም። በሌላ ቀን ራሳቸው ጠየቁን፤ ያን ጊዜ የምናውቀውን ነገርናቸው።

አባ ሰላማ ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ በሐምሌ 26 ቀን ዐረፈ። ዳግመኛ ጢሮስን ስለ ማየቱ የተጻፈ ነገር የለም። ወንድሙ ኤዴስዮስ ግን በጢሮስ ቅስና ተቀብሎ ይኖር ነበር። በወጣትነቱ ያየውን ሁሉ፥ የመርከቡን መጠጋት፥ የመምህሩን መገደል፥ ዛፉን፥ ንጉሡንና ንግሥቲቱን፥ ወንድሙ ነጋዴዎቹን እንዴት እንደ ሰበሰባቸው፥ ለሚሰማው ይተርክ ነበር። ከሰሙትም አንዱ ሩፊኖስ የሚባለው ጸሓፊ ነው፤ ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ የሰማውን በ402 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ አኖረው። እኛ ዛሬ ስለ ፍሬምናጦስ ልጅነት የምናውቀው አብዛኛው ነገር በዚያ ወደ ቤቱ በተመለሰው ወንድም ትረካ የተገኘ ነው።